የሐኪም ትእዛዝ በጋራ ገበታ ላይ

በሐኪም የሚታዘዝ አመጋገብ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው ዓይነቱና መጠኑ እንደ መድኃኒት ተወስኖ የሚሰጥ ምግብ ነው። በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች ትእዛዙን ሐኪም ይጽፋል፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይከታተላል፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ሳህኑን በስም ለይቶ ያወጣል። በገለምሶና በሌሎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ግን አዛውንት በአብዛኛው የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ቢደነግግም፣ የዕለቱን ምግብ የምታቀርበው ልጅ ወይም ምራት ናት። ሆስፒታል የተነገረው ትእዛዝ የሚፈጸመውም የሚፈርሰውም እሷ ምድጃ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክሩ ሲሰጥ እሷ አልነበረችም።

ከሁሉም በፊት የሚታዘዘው ጨው መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ችግሩ ድስቱ አንድ፣ ትሪውም አንድ መሆኑ ነው። ለአንድ ሽማግሌ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ አልጫ ይብላ ማለት አያስኬድም፤ ሽማግሌውን ከልጅ ልጆቻቸው ለይቶ ለብቻ ማብላትም ከማግለል ይቆጠራል። የሚያዋጣው መንገድ ወጡ ያለ ጨው ተሠርቶ ሲበስል የእሳቸውን ድርሻ በትንሽ ሳህን ቀድሞ ማውጣት፣ የቀረውን ጨው መጨመር፣ ሳህኑንም እዚያው ትሪ ላይ ማኖር ነው። ከድስቱ ውጭ የሚገባው ጨውም አይዘነጋ፤ ከቡና ገለባ ተፈልቶ በወተት የሚጠጣው ሆጃ ጨው የሚገባበት ጊዜ አለ።

የስኳር ሕመም ትእዛዝ ከዚህ ይከብዳል። የአካባቢው ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ገለባው ሳይለቅ ተፈጭቶ ከሽሮ ወይም ከጎመን ጋር በልክ ቢበላ ለስኳር ሕመምተኛ የተከለከለ ምግብ አይደለም። ይልቅ ስኳሩን የሚያንረው ከጫት ጋር ደጋግሞ የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከቀትር ጀምሮ የቃሙ አዛውንት እራት ሳይቀምሱ ይተኛሉ፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስደው ከሆነ ሌሊት ስኳራቸው ሊያሽቆለቁል ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መቀባጠር ሲታይ፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ መስጠት፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

የረመዷን ጾምም እንዲሁ ስኳርን ሊያሽቆለቁል ይችላል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 184 ሕመምተኛ በሌላ ቀን እንዲያካክስ፣ ለማይችል ደግሞ ድሃ በማብላት እንዲተካ ፈቅዷል። ያም ሆኖ ብዙ አዛውንት በግትርነት ይጾማሉ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከነርስ ይልቅ የሰፈሩ ሼህ ቢናገሩት ይደመጣል። መጾማቸው ካልቀረ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ማስተካከል ግድ ነው።

በሌላ በኩል፣ ጥብቅ ክልከላ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። በአሜሪካ የአመጋገብ ባለሙያዎች ለመጦሪያ ነዋሪዎች ትእዛዙ እንደየሰው እንዲላላ መምከር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አልጫና ጣዕም አልባ ምግብ የቀረበላቸው ሽማግሎች መብላት እየተዉ ይከሳሉና። ጥርስ በሌለበት ቤት ይህ ይብሳል። ቂጣው አልታኘክ ሲል ክልክል በሚለው ዝርዝር ላይ ረኀብ ይጨመርበታል፤ በዚህ ጊዜ ገንፎ፣ በወተት የረጠበ እንጀራና የተፈጨ ባቄላ ከማንኛውም ክልከላ ይቀድማሉ። «ይህን አትብሉ» ብሎ ምን እንደሚበላ የማይናገር ትእዛዝ ግማሽ ትእዛዝ ነው።

በአሜሪካ መጦሪያዎች በአንድ ወር ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ እንደ አደጋ ይቆጠራል። 50 ኪሎ ለሚመዝን አዛውንት 2.5 ኪሎ መሆኑ ነው። አዛውንቱ ለክትትል ሆስፒታል በመጡ ቁጥር ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ይህን ያህል ቀንሰው ከተገኙ ሐኪሙ ክልከላውን እንዲያላላ ይጠየቅ፣ ምግብ የምታበስለውም ሐኪሙ ዘንድ አብራ ትግባ።