ቁራሽና ጸሎት

ውጭ አገር ያደጋችሁ ልጆች ምግብ ስታስተርፉ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት ተግሣጽ አለ፤ «አገር ቤት ስንቱ ልጅ ጦሙን ያድራል!» የሚል። ወላጆቻችሁ ይህን ያሉት በክፋት አይደለም፤ ብዙዎቹ ረሃቡን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥታችሁ ያገራችን ምስጋና ራስን ከምስኪን ልጅ ጋር አስተያይቶ «እንኳን እሱን አልሆንኩ» ማለት ከመሰላችሁ፣ ልማዱ እንዲያ አይደለም። አያቶቻችሁ ተመስገን የሚሉት ከሌላው ስለበለጡ አልነበረም። እህል ጠፍቶም፣ ታመውም፣ ልጅ ቀብረውም «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ ቀድሞ ከአፋቸው የሚወጣው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሙስሊም ጎረቤታቸውም «አልሃምዱሊላህ» ይላል። ችግሩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

የተቸገረውንም ልጅ ቢሆን እንደ ባዕድ አያዩትም ነበር። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የቆሎ ተማሪ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ፣ ፊደል የቆጠረና ዳዊት የደገመ ልጅ ዜማ ወይም ቅኔ ሊማር የታወቀ መምህር ወዳለበት ደብር ይሄዳል፤ አንዳንዱ ለቀናት በእግሩ ተጉዞ። ስንቅ የሚልክለት የለም። የበግ ለምድ ደበሎውን ለብሶ፣ የለመነውን የሚይዝበትን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። የሀብታምም ልጅ ቢሆን ይለምናል፤ ትሕትናን መማሪያው ነውና ውርደት የለበትም። ያገኘውንም ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ኑሮው ግን ቀላል አይደለም። ብርዱ፣ በሽታው፣ የውሻው ንክሻ፣ ባዶ ሆድ የሚታደርበት ሌሊት አለ።

የቤቱ እመቤት ከመሶቧ ቁራሽ እንጀራ፣ ካጣችም እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች። ስትሰጠው ልቧ ሩቅ ነው። የእሷም ልጅ በሌላ አገር፣ በማታውቃት ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል። ለልጇ መጸለይዋና ለዚህኛው እጇን መዘርጋቷ ለእሷ አንድ ሥራ ነው። ብዙ ሊቃውንት ያደጉት በእንዲህ ያለ ቁራሽ ነው።

በቅርብ ዘመን ይህንኑ ልማድ በሕይወታቸው ያሳዩን «እዳዬ» እየተባሉ የሚጠሩት አበበች ጎበና ናቸው። እሳቸው ራሳቸው አባታቸውን በጣሊያን ወረራ ያጡት ገና አራስ ልጅ ሳሉ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሲሄዱ አገሩ በረሃብ ተመትቶ ደረሱ። የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራቡት አካፈሉ። ተሳልመው ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ነገር ግን ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ትዳራቸው በዚሁ ምክንያት ፈረሰ፣ እሳቸው ግን ልጆቹን ይዘው ወጡ። ከዚያ የተነሣው ድርጅት ብዙ ሕፃናትን አሳደገ፤ እሳቸውም በ2021 እስኪያርፉ ድረስ እናት ሆነው ኖሩ። ስለ ጸሎት ሳስብ ከብዙ ስብከት ይልቅ የሚረዳኝ ይህ የግሸን መንገድ ነው።

በሙስሊሙም ቤት ምስጋና ባዶ እጁን አይሄድም። ረመዳን ሲፈጸም፣ የኢድ ሶላት ሳይሰገድ፣ አባወራው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ለድሆች ዘካተል ፊጥር ያወጣል፤ ለጨቅላውም ጭምር። ነቢዩ ሙሐመድ ወላጅ አልባ ሆነው ያደጉ ናቸውና በእስልምና የቲምን፣ ማለትም ወላጅ የሌለውን ልጅ፣ መንከባከብ ትልቅ ቦታ አለው።

እናንተ ባላችሁበት ከተማ የጽዋ ማኅበር ሳይኖር አይቀርም። በየወሩ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ አባላቱ በየተራ ይደግሳሉ። ከልማዱ የነዳያን ድርሻ አለ፤ ውጭ አገር ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ ነዳይ ስለሌለ ይህ ድርሻ ሳይታወቅ ይረሳል። እንዳይረሳ ጠይቁ። በገንዘብ ተተምኖ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎች ሊላክ ይችላል። ሲላክ ግን የልጆቹን ፎቶ አትጠይቁ። ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ ከመስጠቷ በፊት ማንነቱን የመረመረች እናት አልነበረችም፤ ልጅም ስለበላ ብቻ ፊቱ ለሰው መታየት የለበትም።

በጸሎት የምታስቡት ልጅ ካለ የክርስትና ስሙን ጠይቁ፤ በቤተ ክርስቲያን ሰው ለጸሎት የሚነሣው በዚያ ስም ነው። ስሙን ለማታውቁትም አያቶች የሚያደርጉት አላቸው። ማታ የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ከቆዩ በኋላ «ወላጅ የሌለውን፣ የታመመውን፣ በሰው ቤት ያለውን ልጅ ሁሉ» ብለው ይጨምራሉ። እናንተም ከራሳችሁ ልጆች ስም ቀጥላችሁ ጨምሩት፤ በአማርኛም፣ ባደጋችሁበት ቋንቋም ይሆናል።