በዱር መካከል ሳይዛነፉ ስለ መሄድ

የጠፋ ከብት ሊፈልግ ወደ ዐባይ በረሓ የወረደ ልጅ ቀኑ መሽቶ ሳይመለስ በቀረ ጊዜ፥ በቤት ያለችው እናቱ የምታስበው አውሬውንና ገደሉን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልጁን የሚጐዳው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው ዞሮ በተነሣበት ስፍራ መገኘቱ ነው።

ይህም የልጅ ሞኝነት ብቻ አይደለም። በ2001 ዓመተ ምሕረት ያን ሱማን የሚባል ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ በጀርመን አገር ጫካና በቱኒዝያ ምድረ በዳ ሰዎችን እያስኬደ ነገሩን መርምሮ ገልጦታል። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታያቸው ቀጥ ብለው ሄዱ፤ በተሰወረች ጊዜ ግን ሳይታወቃቸው እየዞሩ የገዛ ዱካቸውን አቋረጡ። ዓይናቸው የተሸፈነውማ 20 ሜትር ስፋት ባለው ክብ እስከ መዞር ደረሱ። ሰው የሚዞረው አንዱ እግሩ ከሌላው ስለሚረዝም ነው የሚለውን ሐሳብ ሊቁ አልተቀበለውም።

እንግዲህ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደውን መንገደኛ እንመልከት። በመኪና የሚሄደው በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን ያልፋልና አያስጨንቀውም። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ ቢለኩ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በቊጥቋጦ ውስጥ የሚሄደው ሰው በየመቶው እርምጃ 5 እርምጃ ቢያዘነብል ከሞጣ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ይወጣል።

ደግነቱ አገሩ ራሱ ይረዳዋል። የጮቄ ተራራ በግራው፥ የዐባይ ሸለቆ በቀኙ ነው፤ ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞችም ከግራው ወደ ቀኙ ይፈሳሉ። ሞጣ ከቢቸና በስተሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነበለች ስለ ሆነች፥ ጠዋት ፀሐይን በቀኝ ትከሻው፥ ማታ በግራ ትከሻው ያደርጋል። በቀትር ግን ይጠንቀቅ። የአውሮፓ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ሰሜንን ያሳያል ይላሉ፤ ለአገራቸው እውነት ነው። በጎጃም ግን ከሚያዝያ 10 ቀን ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ቀን ገደማ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ መጽሐፉን ያመነ ሰው ወደ ሞጣ እሄዳለሁ ሲል ወደ ደጀን ይመለሳል። የሰሜን ኮከብም በዚህ አገር ከአድማስ ከፍ የምትለው ክንድ ተዘርግቶ በአንድ ጭብጥ ልክ ብቻ ስለ ሆነ ቊጥቋጦ ይሰውራታል።

ፀሐይም ተራራም በማይታይበት ስፍራ ሦስት ቀጫጭን በትር ይበቃል። ልጣቸው ቢላጥ በጥላ ውስጥ ነጥተው ይታያሉ። አንዱን ተክሎ፥ ሁለተኛውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ 20 እርምጃ ያህል አርቆ ይተክላል፤ ሦስተኛውን ሲተክል ወደ ኋላ ተመልክቶ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ተከልሎ እንደ አንድ በትር ከታዩት ቀንቷል። ከዚያ የኋለኛውን ነቅሎ ወደ ፊት ያሻግራል። አጋም ወይም ቀጋ ጥቅጥቅ ብሎ ቢከለክለው፥ ወደ ቀኝ 30 እርምጃ ከወጣ፥ ካለፈው በኋላ ያንኑ 30 ወደ ግራ ይመልስ። ሥራው አድካሚ ነውና ለሙሉ ቀን ጉዞ አይመከርም፤ ለጥቂት መቶ እርምጃ ግን ከእርሱ የሚሻል አላየንም።

ልጆችን ለማስተማር ዐውድማ ይበቃል። መሬቱ ትቢያ በሆነበት ጊዜ ልጁን ዓይኑን በነጠላ አስረው ከወዲህ ጫፍ ወደ ወዲያ ጫፍ ቀጥ ብለህ ሂድ ይበሉት፤ ሲፈታም ወደ ኋላው ዱካውን ያሳዩት።