ባለቤት ተለወጠ፣ ዕዳው ግን ቀረ፦ የፖርትስማውዝ ክለብ ታሪክ

በችግር ላይ ያለ የእግር ኳስ ክለብ ሲሸጥ ደጋፊው አስቀድሞ የሚጠይቀው አዲሱ ባለቤት ምን ያህል ሀብታም እንደሆኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ዋናውን ነገር ይስታል፤ ምክንያቱም ከገዢው የሀብት መጠን ይልቅ የክለቡን ዕጣ የሚወስነው ገንዘቡ ወደ ክለቡ የሚገባበት መንገድ ነው። ይህንንም በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው የወደብ ከተማ የተመሠረተው ፖርትስማውዝ በግልጽ ያሳያል፤ ክለቡ ከ2008 እስከ 2024 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባለቤት መለዋወጥ የሚመጣውን ጥፋትም ጥቅምም በየተራ አይቷል።

በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ታላላቅ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው አንድ ግለሰብ ክለብ ገዛ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ክለብ በሕግ ፊት እንደማንኛውም ኩባንያ ነው፤ አክሲዮኑ ይሸጣል፣ ስታዲየሙ በመያዣነት ይሰጣል፣ አክሲዮኑን የገዛ ሰውም ክለቡን ከነንብረቱና ከነዕዳው ይረከባል። አዲሱ ባለቤት ገንዘቡን በካፒታል መልክ ማለትም ተጨማሪ አክሲዮን በመግዛት ካስገባ ክለቡ የሚመልስለት ነገር ስለሌለ ኪሳራው የራሱ የባለቤቱ ይሆናል። በብድር መልክ ካስገባ ግን ክለቡ የገዛ ባለቤቱ ባለዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ በሰለቸው ወይም በሌላ ንግዱ ገንዘብ ባጠረው ዕለት አክሲዮኑን ለሌላ ሸጦ ሲሄድ የብድሩ ጥያቄ ከክለቡ ጋር አብሮ ይቀራል። የፖርትስማውዝ መከራ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ሜይ 17 ቀን 2008 ፖርትስማውዝ በሃሪ ሬድናፕ አሠልጣኝነት፣ ናይጄሪያዊው ንዋንኮ ካኑ ባስቆጠረው ጎል ካርዲፍ ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም በአውሮፓ ውድድር ኤሲ ሚላንን በሜዳው አስተናግዶ 2 ለ 2 ተለያየ። ይሁን እንጂ ሚላን የተጫወተበት ፍራተን ፓርክ በ1899 የተከፈተና ከ20 ሺህ ብዙም ያልበለጠ ተመልካች የሚይዝ አሮጌ ስታዲየም ስለነበር፣ ከትኬት የሚገኘው ገቢ ለእነዚያ ተጫዋቾች የሚከፈለውን ደመወዝ ሊሸፍን የሚችል አልነበረም። ጉድለቱን ይሞላ የነበረው የወቅቱ ባለቤት አሌክሳንደር ጋይዳማክ የሚያቀርቡት ገንዘብና የባንክ ብድር ነበር። ያ ምንጭ መድረቅ ሲጀምር ክለቡ ያለውን ሸጦ ለመኖር ተገደደ፤ ጀርሜይን ዲፎ ወደ ቶተንሃም፣ ላሳና ዲያራ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ግሌን ጆንሰን ወደ ሊቨርፑል፣ ፒተር ክራውች ወደ ቶተንሃም ሄዱ። ተጫዋች ሸጦ ዕዳ መክፈል ለጥቂት ወራት ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን የቡድኑን ጉልበት ስለሚቀንስ ገቢውንም አብሮ ይቀንሳል።

ከዚያ የተከተለው የ2009/10 የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ እንግዳ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ክለቡ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ በአራት ባለቤቶች እጅ ገብቶ ወጥቷል። ከአንድ ዓመት በፊት የማንቸስተር ሲቲ ግዢ ሲታወጅ በግንባር የታዩት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነጋዴ ሱለይማን አል ፋሂም ክለቡን ከጋይዳማክ ቢረከቡም ለሳምንታት ያህል ብቻ ቆይተው አብዛኛውን ድርሻ ለሳዑዲ ዓረቢያዊው ዓሊ አል ፋራጅ አስተላለፉ። በዚያ ጊዜ የተጫዋቾች ደመወዝ መዘግየት ጀምሮ ነበር። አል ፋራጅ ክፍያውን ለመሸፈን ከሆንግ ኮንጉ ነጋዴ ባልራም ቼይንራይ ተበደሩ፤ ብድሩ በወቅቱ ባለመመለሱም በፌብሩዋሪ 2010 ባለቤትነቱ ወደ አበዳሪው ዞረ። በደጋፊው ዘንድ በእያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ተስፋ ይፈነጥቅ የነበረ ቢሆንም በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሚለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ክለቡ በባለአደራ አስተዳደር ሥር ገባ። ባለአደራ አስተዳደር ማለት ዕዳውን መክፈል ያቃተው ኩባንያ እንዳይፈርስ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በሕግ በተሾመ ባለሙያ የሚመራበት፣ ባለገንዘቦችም ማለትም ከክለቡ ገንዘብ የሚፈልጉ ሁሉ ስለ አከፋፈሉ በአንድነት የሚስማሙበት ሥርዓት ነው። በፕሪሚየር ሊግ እያለ እዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ፖርትስማውዝ ሲሆን፣ በሊጉ ደንብ መሠረት 9 ነጥብ ተቀንሶበት ወደ ታች ወረደ። በሚያስገርም ሁኔታ ያው ቡድን በዚያው ዘመን እንደገና ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ በቼልሲ 1 ለ 0 ተሸንፏል።

ባለአደራው ከ80 በላይ የጽሕፈት ቤትና የስታዲየም ሠራተኞችን አሰናበተ። ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ ያለፈው የዕዳ ዝርዝር ይፋ ሲሆን ደግሞ ከባንኮችና ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር በጨዋታ ቀን ለተመልካች የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚሰጠው በጎ አድራጊ ድርጅት ሴንት ጆን አምቡላንስም ሒሳቡን የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ። ከፍተኛ ደመወዝ ለሚያገኙት ተጫዋቾችና ለሌሎች ክለቦች ያለው ዕዳ በእግር ኳሱ ደንብ መሠረት ሙሉ በሙሉ መከፈል ሲኖርበት፣ ለቀሩት ባለገንዘቦች የተገባው ቃል ከእያንዳንዱ ፓውንድ 20 ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር። የብሪታኒያ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ስምምነቱን በፍርድ ቤት ቢቃወምም አልተሳካለትም። ሚሊየነሩ ተጫዋች ሙሉ ሒሳቡን እየወሰደ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሽርፍራፊ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ደንብ በምንም መመዘኛ ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

የብድሩ ነገር በዚህ አላበቃም። ቼይንራይ ወደ 17 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘባቸውን የሚያስከብሩበት መያዣ ፍራተን ፓርክ ስለነበር፣ ክለቡን የሚገዛ ሁሉ አስቀድሞ ከእርሳቸው ጋር መስማማት ነበረበት። በ2011 ሩሲያዊው የባንክ ባለሀብት ቭላድሚር አንቶኖቭ በኩባንያቸው በኩል ገዙት፤ ነገር ግን ብዙ ወራት ሳይቆዩ በሊቱዌኒያው ስኖራስ ባንክ ጉዳይ በወጣ የእስር ማዘዣ ለንደን ላይ ሲያዙ ኩባንያው ወደቀ፣ ፖርትስማውዝም በፌብሩዋሪ 2012 ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ባለአደራ ተመለሰ። 10 ነጥብ ተቀንሶበት ወደ ሊግ ዋን ማለትም ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። በዚያ ክረምት ነባሮቹ ተጫዋቾች በሙሉ ለቀው ስለሄዱ አዲሱ ዘመን የተጀመረው በአንድ ወር ውል በተሰባሰቡ ተጫዋቾች ነበር፤ በዓመቱም ቡድኑ ወደ አራተኛው እርከን ወደ ሊግ ቱ ተንሸራተተ።

በኤፕሪል 2013 ክለቡን የገዙት ደጋፊዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 1,000 ፓውንድ እያዋጡ፣ አቅም ያላቸው ጥቂት ነጋዴዎችም ከፍ ያለ ድርሻ እየጨመሩ በማኅበር ገዙት፤ የፍራተን ፓርክ ዋጋም በፍርድ ቤት ክርክር መጨረሻ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተቆረጠ። የደጋፊዎቹ መዋጮ ካፒታል እንጂ ብድር አልነበረምና በ2014 ክለቡ ያለፈውን ዕዳ ጨርሶ መክፈሉን አስታወቀ። በአራተኛው እርከን እየተጫወተም በየጨዋታው በአማካይ ከ15 ሺህ በላይ ሕዝብ ይገባለት ስለነበር ወጪውን በገቢው ልክ መምራት ቻለ፤ በ2017ም የሊግ ቱ ሻምፒዮን ሆነ።

የደጋፊ ባለቤትነት ግን ወሰን አለው፤ ያረጀው ስታዲየም የሚፈልገው ጥገና ብቻውን ከማኅበሩ አቅም በላይ ነበር። ስለዚህ አባላቱ ተሰብስበው በሰፊ የድምፅ ብልጫ ክለቡን ለቀድሞው የዲዝኒ ኩባንያ መሪ ለማይክል አይዝነር ቤተሰብ ሸጡት። የሽያጩ ዋጋ 5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ግን ገዢው በዚያ ላይ 10 ሚሊዮን ፓውንድ በካፒታልነት ለማስገባት ቃል መግባታቸው ነው። ሻጮቹ ከመሸጣቸው በፊት ይህን መጠየቅን የተማሩት ቀደም ሲል ከደረሰባቸው ነው። ውጤቱም ቶሎ አልመጣም፤ ቡድኑ በ2019 እና በ2020 በማደጊያው የጥሎ ማለፍ ውድድር ተሰናክሎ በመጨረሻ በ2024 በ97 ነጥብ የሊግ ዋን ሻምፒዮን በመሆን ከ12 ዓመታት በኋላ ወደ ሁለተኛው እርከን ወደ ሻምፒዮንሺፕ ተመለሰ።

ሁሉም ክለብ እንዲህ አይተርፍም። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ቡሪ በዲሴምበር 2018 በ1 ፓውንድ ተሽጦ ስምንት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ በኦገስት 2019 ከሊጉ ተባረረ፤ አዲሱ ባለቤት ክለቡን ለማስቀጠል የሚበቃ ገንዘብ እንዳላቸው ማረጋገጫ ማቅረብ አልቻሉም ነበር። በዚያን ጊዜ ሊጎቹ ለገዢዎች የሚያደርጉት ማጣሪያ በአመዛኙ የሚያተኩረው ቀደም ባለ ጥፋት ላይ እንጂ የገንዘቡ ምንጭና ዓይነት ላይ አልነበረም። ባለቤት ለመሆን የሚያመለክተውን ሰው የገንዘብ ምንጭ የመመርመር ሥልጣን ያለው ነፃ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ በእንግሊዝ በሕግ የተቋቋመው በጁላይ 2025፣ ፖርትስማውዝ መጀመሪያ ከወደቀ ከ15 ዓመታት በኋላ ነው።