የአያቶቻችንን ኪታብ በስልክ ስናነሳ

በወሎ፣ በሐረርና በጅማ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሱ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ዛሬም በየቤቱ ይገኛሉ፡፡ ከፊሎቹ በዐረብኛ፣ ከፊሎቹም በዐጀም የተጻፉ ናቸው፡፡ ሼህ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉ የወሎ መሻይኾች የአማርኛ መንዙማቸውን የጻፉት በዐጀም ነበር፡፡

ወጣቶቻችን እነዚህን ኪታቦች በስልካቸው ማንሳት መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው፡፡ ይሁንና 200 የኪታብ ገጽ ከሠርግና ከዒድ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ቢቀመጥ ኪታብ አይባልም፡፡ ስልኩ የጠፋ ዕለት ሁሉም ይጠፋል፡፡ ስለዚህ ምስሎቹን በአንድ ፒዲኤፍ መጠረዝ ይገባል፡፡ ፒዲኤፍ አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው፣ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀ የሰነድ ዓይነት ሲሆን፣ በየትኛውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቢከፈት የገጾቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም፡፡

ነገር ግን ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ማስያዝ የእኛ ፋንታ ነው፡፡ ብዙዎቹ የድሮ ኪታቦች የገጽ ቁጥር የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ያልተሰፉ ነጠላ ቅጠሎች ናቸው፡፡ ጸሐፊዎቹ ግን ብልሃት ነበራቸው፡፡ ኪታቡ ሲገለጥ በቀኝ ባለው ገጽ ግርጌ፣ የግራው ገጽ የሚጀምርበትን ቃል ይጽፉ ነበር፡፡ ቅጠሎቹ ተዘበራርቀው ከሆነ በዚህ ቃል እያመሳከራችሁ ደርድሩ፤ ካልሆነላችሁ የቀራ ሰው ጥሩ፡፡ ከዚያም ምስሎቹን 001፣ 002፣ 003 እያላችሁ ሰይሙ፡፡ 1፣ 2፣ 3 ብቻ ካላችሁ አንዳንዱ ፕሮግራም 10ን ከ2 ያስቀድማል፡፡

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቀለሙ ጉዳይ ነው፡፡ በብዙ ኪታቦች መትኑ በቀይ፣ ሸርሑ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፡፡ የስልክ ስካነሮች ለማጥራት ብለው ምስሉን ጥቁርና ነጭ ሲያደርጉት የትኛው መትን፣ የትኛው ሸርሕ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፡፡ በቀለም ይሁን በሉ፡፡ ዳር ዳሩን በራሳቸው የሚቆርጡም አሉ፤ ሐሺያው፣ የባለቤቱ ስም፣ ኪታቡ ወቅፍ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ ያለው ግን እዚያው ዳር ላይ ነው፡፡ ልባዱም ሳይቀር ይነሳ፡፡

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፡፡ በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ምስሎቹን በአንድነት መርጣችሁ የማተሚያ ትእዛዝ ስጡ፤ በማተሚያው ስም ቦታ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚለውን ምረጡ፡፡ ምስሉ ወረቀቱን እንዲሞላ የሚያደርገውን ምልክት አንሱት፤ አለዚያ ሐሺያው ይቆረጣል፡፡ በአይፎንም በፋይሎች ማኅደር ውስጥ ፒዲኤፍ መሥራት ይቻላል፡፡

ምስል ተቀብለው ፒዲኤፍ የሚመልሱ ድረ ገጾችም ሞልተዋል፡፡ ምስሉ ግን ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር እንደሚሄድ ዕወቁ፡፡ የኒካሕ ውል፣ የውርስ ወረቀት ወይም ፓስፖርት በዚያ መንገድ አይላክ፤ ሰው ያደራችሁን ኪታብም ቢሆን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይላክ፡፡

ሲያበቃ ገጾቹን ከኪታቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፡፡ ዋናዎቹን ምስሎች አትሰርዙ፡፡ አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላውን በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ፤ በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፣ በፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል፡፡