ጥሬ ምስል ወይስ ጄፔግ? ካሜራችን ሳያማክረን የሚጥለው መረጃ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ ሲታይ፣ እኛ ግርዶሹ በከፊል በሚታይበት ሌላ ስፍራ አንድ ነጭ ወረቀት ፀሐይ ላይ ዘርግተን ከተማሪዎቻችን ጋር በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ እናነሣው ነበር። ጥያቄያችን ቀላል ነበር፤ ጨረቃ ፀሐይን እየሸፈነች ስትሄድ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚቀንሰው በተሸፈነው ስፋት ልክ ነውን? የፀሐይ ጠርዝ ከመካከሏ ይልቅ የደበዘዘ በመሆኑ ልክ በልክ እንደማይሆን ከንድፈ ሐሳቡ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው ለክተው እንዲያዩት ፈለግን። የመዝጊያውን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ እንዳይለወጡ አጽንተናል። የፋይሉን ዓይነት መምረጥ ግን የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ነበርና ዘነጋነው። ምስሎቹ ሁሉ በጄፔግ ተቀምጠው ተገኙ፤ ለዓይን ያማሩ፣ ለመለኪያነት ግን የማይበቁ ነበሩ።

ምክንያቱን ለመረዳት ካሜራው ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ከሌንሱ በስተኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነጥቦችን የያዘ የሲሊከን ሰሌዳ አለ። ብርሃን በአንዱ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን፣ ነጥቡ እስኪሞላ ድረስ፣ ኤሌክትሮኖቹም እጥፍ ይሆናሉ። ካሜራው ይህን ክምችት ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ብዙ ካሜራዎች ለዚህ 12 ወይም 14 ቢት ስለሚጠቀሙ፣ ከጨለማ እስከ ሙላት 4,096 ወይም 16,384 ደረጃዎች ይኖራሉ። ነጥቦቹ በራሳቸው ቀለም አይለዩም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ተደርጓል። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር በ1976 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ይህ አደራደር ከአራት ነጥቦች ሁለቱን ለአረንጓዴ ይሰጣል። ጥሬ ፋይል፣ በተለምዶ ሮው የሚባለው፣ እነዚህን ቁጥሮች እምብዛም ሳይነካ ያስቀምጣቸዋል።

ጄፔግ የተለየ መንገድ ይከተላል። ካሜራው በየነጥቡ የጎደሉትን ቀለማት ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል፤ ነጭ ነገር ነጭ እንዲመስል ቀለማቱን ያመዛዝናል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ይመድባል። እነዚህም እኩል የተከፋፈሉ አይደሉም። ዓይናችን በጨለማው በኩል ያለውን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ ብዙዎቹ ደረጃዎች ወደዚያ ያደላሉ። ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ ስሌት፣ ብርሃኑ ከሙላቱ ግማሽ ሲሆን የሚጻፈው ቁጥር 128 ሳይሆን 188 ገደማ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ከ255 የተነሣው ቁጥር የሚወርደው በሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። በጥሬው ፋይል ግን የካሜራው የጨለማ መነሻ ቁጥር ከተቀነሰ በኋላ ግማሽ ብርሃን ግማሽ ቁጥር ነው።

ታዲያ ስሌቱን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልምን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቀመሩ ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር። ነገር ግን አምራቾች ምስሉን ለማሳመር የየራሳቸውን ማስተካከያ ይጨምሩበታል፤ እኛም የቀለሙን ሚዛን በአውቶማቲክ ትተነው ስለነበር ከምስል ምስል ይለዋወጥ ነበር።

ማመቁ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጄፔግ ደንብ ምስሉን ስምንት በስምንት ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍላል። ናሲር አህመድና ባልደረቦቹ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሒሳብ ዘዴ እያንዳንዱን ካሬ በዝግታም በፍጥነትም የሚለዋወጡ ሞገዶች ድምር አድርጎ ይገልጸዋል፤ ዓይን የማያስተውላቸውን ፈጣን ለውጦች ያጠጋጋል ወይም ጨርሶ ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። ፋይሉ ተከፍቶ፣ ተስተካክሎ፣ እንደገና በጄፔግ በተቀመጠ ቁጥርም ሌላ ነገር ሊጎድል ይችላል።

በዚህ ሁሉ ጄፔግን መንቀፋችን አይደለም። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ በ14 ቢት ያነሣው ምስል ሳይታመቅ 42 ሚሊዮን ባይት ይይዛል፤ በጄፔግ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሩብ አይበልጥም። ለሠርግ፣ ለመታወቂያ፣ ለጋዜጣ ጄፔግ ይበቃል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚላከውን ደግሞ መተግበሪያው ራሱ እንደገና ስለሚያምቀው፣ ጥራቱ እንዳይነካ የሚፈልግ ሰው እንደ ፋይል ይላከው። ጥሬ ምስል በተራው ሥራ ይጠይቃል፤ በሶፍትዌር ካልተዘጋጀ የፈዘዘና የማይስብ ነው። አቀማመጡም ከአምራች አምራች ይለያያል። አዶቢ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲኤንጂ የተባለው ዓይነት ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ምስል እርሱን እንመርጣለን።

የሚለካ ወይም ዳግም የማይገኝ ነገር ሲሆን ግን አናመነታም። ቀለሙ የደበዘዘ የብራና ገጽ፣ የቤተ ሙከራ ውጤት፣ የሰማይ ክስተት በጥሬው ይነሣ። ብዙ ካሜራዎች ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማስቀመጥ ስለሚችሉ ጉዳቱ የሚሞሪ ካርድ ቦታ ብቻ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብጽ በሉክሶር ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ ከአገራችን በከፊል ይታያል። የክረምቱ ደመና ከፈቀደልን ያንኑ ነጭ ወረቀት እንደገና እንዘረጋለን። ካሜራው ከወዲሁ በሮው ላይ ተደርጓል።