የልብ ምት መዛባትን በቤት ውስጥ በተንቀሳቃሽ መሣሪያ መከታተል

«ልቤ በድንገት ይደልቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ይተወኛል» የሚል ታካሚ በምርመራው ሰዓት ምቱ ትክክለኛ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በጤና ተቋም የሚነሣው ኢ.ሲ.ጂ. የሚመዘግበው የ10 ሴኮንድ ያህል ሁኔታን ስለሆነ፣ እየመጣ የሚሄደው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሳይታይ ያልፋል። ታካሚውም ጤነኛ ነህ ተብሎ ይሸኛል፤ አንዳንዱ የሚመለሰው ስትሮክ ከያዘው በኋላ ነው።

አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማብቂያ የሠራው የመጀመሪያው መቅረጫ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን በጀርባ ይታዘል ነበር። ዛሬ በደረት ላይ የሚለጠፍ፣ በሁለት እጅ ጣቶች የሚያዝ ወይም እንደ ሰዓት የሚታሰር መሣሪያ አለ። ምርጫውን የሚወስነው የምልክቱ ድግግሞሽ ነው። ምልክቱ በየቀኑ ለሚሰማው ሰው የ24 ወይም የ48 ሰዓት ሆልተር ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚሰማው እስከ 14 ቀን የሚቆይ ተለጣፊ ይሻላል። ከዚያም ለራቀ ምልክት ታካሚው ራሱ የሚጠቀምበት መቅረጫ ይመረጣል። (ራሱን የሚስት ሰው ግን መሣሪያውን ሊይዝ አይችልምና ይህ አይሆነውም።) የክትትሉ ርዝማኔ የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ መንስኤው ያልታወቀ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት ካጋጠማቸው ታካሚዎች መካከል ለ30 ቀናት ከተከታተሉት በ16.1 ከመቶው፣ በ24 ሰዓት ሆልተር ከታዩት ግን በ3.2 ከመቶው ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተገኝቷል።

የእጅ ሰዓቶችን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ በብርሃን አማካይነት የደም ሥር ትርታን የሚቆጥሩ እንጂ ኢ.ሲ.ጂ. የሚያነሡ አይደሉም። ያለጊዜው የሚመጣ ምት ወይም የእጅ እንቅስቃሴ ያሳስታቸዋል። ምርመራው የሚረጋገጠው ቢያንስ 30 ሴኮንድ የሚሆን የኢ.ሲ.ጂ. ቅጂ በባለሙያ ተነብቦ ነው። ደግሞም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያነሣ መሣሪያ የልብ ጡንቻ የደም መቋረጥን ሊያስቀር ስለማይችል፣ ደረቱን የሚያመው ሰው መሣሪያውን እያየ ቤት መቀመጥ የለበትም።

በአገራችን ከሁሉ የሚያሳስበው በሪውማቲክ ሕመም ሳቢያ የሚትራል ቫልቭ ጥበት ያለባቸው ወጣቶች ጉዳይ ነው። ዘመድ ከውጭ አገር የላከለትን ሰዓት ያሠረ ታካሚ «ምቱ ትክክል ነው» የሚል መልእክት አይቶ ዋርፋሪኑን ሊያቆም ይችላል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። መካከለኛ ወይም ከባድ ጥበት ባለበት ታካሚ ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አንድ ጊዜ ከተረጋገጠ፣ ምቱ ለሳምንታት ቢስተካከልም የደም መርጋት ሥጋቱ አይወገድም። ዋርፋሪንን ክትትል በማይጠይቁት አዳዲስ መድኃኒቶች የመተካት ሐሳብም እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ኢንቪክተስ በተሰኘው ጥናት አልተደገፈም፤ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ዋርፋሪንና መሰሎቹን በወሰዱት ላይ ሞት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የአይ.ኤን.አር. ክትትሉን መሣሪያው አይተካውም።

መሣሪያ በሌለበትም ሥራው አይቆምም። ታካሚው ወይም ቤተሰቡ በእጅ አንጓ ላይ ያለውን ትርታ ለሙሉ 60 ሴኮንድ መቁጠር ይማሩ፤ ባለሙያውም በስቴቶስኮፕ ከሚሰማው የልብ ምት ጋር ያስተያየው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተሰማው ምልክትና የተወሰደው መድኃኒት በደብተር ይጻፍ። መሣሪያ የሚሰጥ ከሆነም ቅጂውን ማን እንደሚያነበውና በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወሰን።