«መኪናዋ ስንት ተብላ ነው የተጻፈችው?»

የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል ስልክ ላይ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ደህና ውሎ የሚደውልልኝ የለም። አንዱን ቀለበት መንገድ ላይ ሲኖትራክ ገጭቶታል፤ ሌላው ራሱ ገጭቶ ትራፊክ ፖሊስ እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው መጎዳቱን ነው። ከዚያ ቦታውን፣ ሰሌዳውን፣ መንጃ ፈቃዱን። (ሰው ከሞተ ነገሩ ሌላ ነው። የ2005 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን አዋጅ ለሞት ካሳ ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ያንን ለሐዘንተኛ በስልክ መንገር ምን እንደሚመስል ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።)

የንብረቱ ጉዳይ ላይ ስንደርስ የሚከብደኝ ፋይሉ ላይ አንዲት ቁጥር ማየት ነው፦ ለመኪናዋ ዋስትና የተገባበት ዋጋ።

በሂሳብ ላሳያችሁ። ደንበኛው ከዓመታት በፊት ቪትዙን በ600,000 ብር አስገባ እንበል። ዛሬ ያቺው መኪና ገበያ ላይ 1,200,000 ብር ታወጣለች። እሱ ግን በየዓመቱ ሲያድስ «እንዳለ ይቀጥል» ይላል፤ ዋጋው ከፍ ካለ አረቦኑም ከፍ ይላላ! አሁን የ100,000 ብር ጉዳት ደረሰ። የገዛው ዋስትና ለመኪናዋ ግማሽ ስለሆነ የሚከፈለውም ግማሹ ነው፤ 50,000 ብር። ከዚያም ላይ ኤክሰስ ይቀነሳል።

ብዙ ሰው ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጎዳው መኪናዋ ጨርሳ ስትወድም ወይም ስትሰረቅ ብቻ ይመስለዋል። «ስድስት መቶ ሺህ ገብቼ የጠየቅኩት መቶ ሺህ ነው፤ ምን ጎደለ?» ይሉኛል። የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ሥራው ውስጥ ባልገባ ኖሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

በቅርቡ አንድ ጡረተኛ አባት ደወሉ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ እኮ።»

«ልክ ነዎት አባባ፣ ከፍለዋል። የከፈሉት ግን ለግማሹ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ሳድስ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ።

እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ውሉ ላይ ተጽፏል እንዳልል፣ የእሳቸው ውል በእንግሊዝኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ሻጩም አረቦኑን ከፍ ካደረገ ደንበኛው ጎረቤት ኩባንያ እንዳይሄድበት ይፈራል። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ተባብለው ያድሳሉ፤ ዝምታው የሚፈነዳው እኔ ስልክ ላይ ነው።

ፖሊሲ ያላችሁ ሰዎች ወረቀቱን አውጡና የተጻፈውን ዋጋ ከመኪና ደላላ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለማሻሻል ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለቀሩት ወራት ልዩነቱን ከፍሎ በመሃል ማሳደግ ይቻላል። አባባም በሳምንቱ እንዲሁ አደረጉ። ለዚያኛው ግጭት ግን የጋራዡን ግማሽ ሂሳብ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት።